የመንገደኛው ቤተ ሥዕል

ሥነ ጥበብ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ ነው። በአውሮፓ ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ ለብዙ ምእተ ዓመታት በነገሥታት አዳራሽ፣ በመኳንንት እልፍኝና በባለጸጎች ግምብ ውስጥ ተከተው ኖረዋል። ተራው ሰው ሥዕል የማየት ዕድል ያገኝ የነበረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ነበር። በኢትዮጵያም ቢሆን ፊደል ያልቆጠረው ምእመን የቅዱሳኑንና የሰማዕታቱን ታሪክ በዓይኑ ያነበበው በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች ነው። የፈረንሳይ አብዮት የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረውን ሉቭርን በ1793 ለሕዝብ ሙዚየምነት ሲከፍት አንድ ትልቅ በር እንደተከፈተ ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳሩ ግን በር መከፈቱ ብቻውን ሰውን ወደ ውስጥ አያስገባም። ከማለዳ እስከ ምሽት በፋብሪካ የሚውለው ሠራተኛ ሙዚየም ለመጎብኘት ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ቢኖረውም ገንዘቡ ያጥረዋል፤ ጊዜውና ገንዘቡ ቢገናኙለት እንኳ «ይህ የእኔ ዓይነት ሰው የሚገባበት ቦታ አይደለም» የሚለው ሐፍረት ከደጃፉ ይመልሰዋል። እነዚህ ሦስት መሰናክሎች፣ ማለትም የጊዜ፣ የገንዘብና የሐፍረት መሰናክሎች፣ በየትኛውም አዋጅ በአንድ ቀን የሚወገዱ አይደሉም።

በሌላ በኩል ግን ይኸው ሠራተኛ ሳይወድ በግድ በየቀኑ የሚመላለስበት አንድ ሥፍራ አለ። ይኸውም ባቡር ጣቢያ ነው። በ1863 በለንደን የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በትልልቅ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ከዕድሜው ውስጥ ቀላል የማይባለውን ክፍል ከመሬት በታች፣ በጥበቃና በጉዞ ያሳልፋል። ቲኬቱን ቆርጧል፤ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዓይኑም የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። እንግዲህ ሰው ወደ ሥዕሉ መሄድ ካልቻለ ሥዕሉ ሰው ወዳለበት ለምን አይሄድም? ለዚህ ጥያቄ ሦስት ከተሞች ሦስት የተለያዩ መልሶች ሰጥተዋል። መልሶቹን መርምሮ ማነጻጸር ጥበብን ለሕዝብ ማድረስ የሚባለው ነገር ምን ዋጋ እንደሚጠይቅና በማን እጅ ሲገባ ምን መልክ እንደሚይዝ ለመረዳት ይጠቅማል።

ለንደን፦ ጥበብ በንግድ ትከሻ

በሃያኛው ምእተ ዓመት መባቻ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በግል ኩባንያዎች እጅ ነበር። በ1906 ፍራንክ ፒክ የተባለ ትምህርቱ የሕግ የሆነ ሰው በአንደኛው ኩባንያ ተቀጠረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የማስታወቂያው ሥራ በኃላፊነት ተሰጠው። በዚያን ጊዜ የጣቢያዎቹ ግድግዳ የሳሙናው፣ የሻዩና የመድኃኒቱ ማስታወቂያ ተደራርቦ የተለጠፈበት በመሆኑ መንገደኛው የጣቢያውን ስም ለይቶ ለማንበብ ይቸገር ነበር። ፒክ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ግድግዳውን ማጽዳት ነው። ለንግድ ማስታወቂያዎች የተወሰነ ቦታና የተወሰነ መጠን መደበ፤ ለኩባንያው ለራሱ ፖስተሮች ደግሞ በጣቢያዎቹ መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየውን ቦታ ለየ።

በ1908 ጆን ሃሳል የሣለው አስቂኝ ፖስተር ወጣ። ከዚያ በኋላ ታዋቂም ጀማሪም ሠዓሊዎች እየተጠሩ ሥራ ይሰጣቸው ጀመር። ፖስተሮቹ ያሳዩ የነበሩት ባቡሩን ሳይሆን ባቡሩ የሚያደርስበትን ቦታ ነው። ከከተማው ዳር ያለውን ጫካ፣ የአበባውን መስክ፣ የአራዊቱን ማቆያ፣ ሙዚየሙንና የወንዙን ዳርቻ በቀለም አቀረቡ። በ1915 ሥራ የጀመረው አሜሪካ ተወላጁ ኤድዋርድ ማክናይት ካውፈር በዚያን ዘመን በየሥዕል አዳራሹ ብዙዎች ይሳለቁበት የነበረውን አዲሱን የአሣሣል ስልት፣ የኩቢዝምንና የፉቱሪዝምን ቅርፅና ቀለም፣ በጣቢያ ግድግዳ ላይ አወጣው። እነዚህን ስሞች ሰምቶ የማያውቀው የለንደን ሠራተኛ ሥራዎቹን በየጠዋቱ እያየ ዓይኑን አለማመደ። በ1916 ደግሞ ኤድዋርድ ጆንስተን በፒክ ጥያቄ የቀረፀው ግልጽና ቀላል የፊደል ዓይነት በሥራ ላይ ዋለ፤ ከእርሱ የተወለደው ፊደል እስከ ዛሬ የለንደን መጓጓዣ መለያ ነው።

የፖስተር ጥበብ የራሱ ሕግ አለው። በመተላለፊያ ላይ የሚራመደው ሰው ሥዕሉን የሚያየው ለጥቂት ሴኮንዶች ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ዝርዝሩን ትቶ ዋናውን ቅርፅ መያዝ፣ ቀለሞቹን መመጠን፣ ቃላቱን ማሳጠር አለበት። በመሳፈሪያው ላይ ግን መንገደኛው ባቡር እስኪመጣ ድረስ ይቆማልና እዚያ የሚሰቀለው ሥዕል ዝርዝር ቢበዛበትም አይከፋም። ይህን ልዩነት ማወቅ ሠዓሊው ከመንገደኛው ጋር የሚገናኝበት የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916፣ ኩባንያው በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ለነበሩት ወታደሮች አገራቸውን የሚያስታውሱ ፖስተሮችን ላከላቸው። ለትርፍ የተጀመረው ሥዕል በጭቃና በሞት መካከል ላለ ሰው የናፍቆት መጽናኛ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዚህን መልስ ወሰን መዘንጋት አይገባም። ሠራተኛው ወደ ሥራ በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት ባቡሮቹ ይሞሉ ነበር፤ በቀሩት ሰዓቶችና በዕረፍት ቀናት ግን ብዙ ወንበሮች ባዶ ይሄዱ ነበር። የፖስተሮቹ ዋና ተግባር እነዚያን ባዶ ወንበሮች መሙላት ነው። ሥዕሉ ለሁሉም በነጻ ይታያል፤ ሥዕሉ ወደሚያሳየው መስክ የሚያደርሰው ቲኬት ግን በነጻ አይገኝም። የንግድ ትከሻ ጥበብን ብዙ ርቀት መሸከም እንደሚችል ለንደን አሳይታለች፤ መንገዱን የሚመርጠው ግን ተሸካሚው ነው።

ሞስኮ፦ ቤተ መንግሥት ለሠርቶ አደሩ

በሞስኮ ጥያቄው ከሌላ አቅጣጫ ተነሣ። የሶቪየት መንግሥት የምድር ውስጥ ባቡር ለመሥራት በ1931 ከወሰነ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰልፈው የመጀመሪያው መስመር 13 ጣቢያዎችን ይዞ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት፣ ግንቦት 15 ቀን 1935 ተመረቀ። የሥራው ሐሳብ ግልጽ ነበር። ቀድሞ ለጥቂቶች ብቻ የነበረው እምነ በረድ፣ ነሐስና የብርሃን ጌጥ አሁን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠርቶ አደሮች በየቀኑ የሚረግጡትና የሚነኩት ነገር ይሁን የሚል ነው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ሁሉ ለጥበብ ታሪክ ከፍተኛ ቦታ ያለው በመስከረም 1938 የተከፈተው የማያኮቭስኪ ጣቢያ ነው። አርክቴክቱ አሌክሴይ ዱሽኪን ነበር። ጣቢያው ከመሬት በታች ከ30 ሜትር በላይ ጠልቆ ሳለ ክብደቱን በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ አሳርፏል፤ ምሰሶዎቹም ዝገት በማይነካው ብረት ተለብጠዋል። በጣሪያው ላይ በተከታታይ በተሠሩት ጉልላቶች ውስጥ የሠዓሊው አሌክሳንደር ዴይኔካ ሞዛይኮች ይታያሉ። ርእሳቸው የሶቪየት አገር ሌትና ቀን ነው። ማለዳው ይነጋል፤ አውሮፕላኖች ይበርራሉ፤ ጃንጥላ ዘላዮች ይወርዳሉ፤ አዝመራው ይታጨዳል፤ ይመሻል፤ ደግሞም ይነጋል። ዛሬ በጣቢያው ውስጥ 34 ሞዛይኮች ይገኛሉ። ዴይኔካ ያገኘው መፍትሔ ቀላልና ጥልቅ ነው። ከመሬት በታች ያለ ሰው የሚናፍቀው ሰማይን ነውና ሰማዩን ከራሱ በላይ አደረገለት። መንገደኛው ቀና ባለ ቁጥር ጣሪያው ተከፍቶ የሚታየው ይመስለዋል።

በዚያው ዓመት በተከፈተው የአብዮት አደባባይ ጣቢያ ደግሞ ቀራፂው ማትቬይ ማኒዘር የወታደሩን፣ የገበሬዋን፣ የተማሪውን፣ የእናቲቱንና የሌሎችንም የነሐስ ምስል ሠራ። ዛሬ በጣቢያው 76 ሐውልቶች ቆመዋል። ለሐውልቶቹ የተሰጠው ቦታ ከዝቅተኛ ቅስቶች ሥር በመሆኑ ቀራፂው አብዛኞቹን ተንበርክከው ወይም ተቀምጠው እንዲታዩ አደረገ። ከፍ ያለ መሠረት ስለሌላቸውም ከመንገደኛው ትከሻ ጋር ይስተካከላሉ። የድንበር ጠባቂው ውሻ አፍንጫ ከሌላው ነሐስ ተለይቶ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል፤ ምክንያቱም ተማሪዎች ከፈተና በፊት ለመልካም ዕድል ሲሉ እየዳሰሱት ያልፋሉ። በሙዚየም ውስጥ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀው የነበረው ሐውልት እዚህ በሕዝብ እጅ ተወልውሏል። ይህን ልማድ ማንም አላቀደውም። ሕዝቡ ራሱ የፈጠረው ነው።

የሞስኮ ታሪክ መሥዋዕትነትም አለበት። የዴይኔካን ንድፎች ወደ ሞዛይክ የለወጠው የሌኒንግራዱ ባለሙያ ቭላዲሚር ፍሮሎቭ ነበር። ከተማይቱ በናዚ ጦር በተከበበች ጊዜ ረኀብና ብርድ ባለበት ሥራውን ቀጠለ፤ ለአዲስ ጣቢያ የታቀዱትን ሞዛይኮች አጠናቆ በ1942 በከበባው ውስጥ ሞተ። ሞዛይኮቹ ከከተማይቱ ወጥተው ሞስኮ ደረሱ፤ በ1943፣ ጦርነቱ ገና እየተፋፋመ ሳለ፣ በተከፈተው የኖቮኩዝኔትስካያ ጣቢያ ጣሪያ ላይም ተተከሉ። ዛሬ ከሥራቸው የሚያልፈው መንገደኛ የሠሪያቸውን ስም ባያውቅም ድካሙን በየቀኑ ያያል።

ነገር ግን የዚህ መልስ ሌላው ገጽ መነገር አለበት። ጣቢያዎቹ እንደ ቤተ መንግሥት ሲያብረቀርቁ ከላይ ያለው የሞስኮ ሕዝብ ብዙው ክፍል በአንድ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ተጨናንቆ፣ ማድ ቤቱን ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ይኖር ነበር። በኅዳር 1955 የሶቪየት አመራር በሕንፃ ሥራ ላይ የሚታየውን ከመጠን ያለፈ ጌጥ የሚያወግዝ ውሳኔ ሲያወጣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ይኸው የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉና ጌጥ የሌላቸው ሆኑ።

ከዚህም የሚከብደው ጉዳይ ሠዓሊው ምን እንዲሥል እንደሚታዘዝ የሚወስነው ማን ነው? የሚለው ነው። በ1952 በተከፈተው የኮምሶሞልስካያ የክብ መስመር ጣቢያ ታላቁ ሠዓሊ ፓቬል ኮሪን ስምንት የጣሪያ ሞዛይኮችን አዘጋጀ። ስታሊን ከሞተና ሥራው ከተነቀፈ በኋላ ምስሉ ያለበት ሞዛይክ ሳይቀር ከጣሪያው ተነሥቶ፣ ኮሪን ራሱ በ1963 በሌላ እንዲተካው ሆነ። በታጋንስካያ ጣቢያ የነበረው የስታሊን ቅርፅም በ1966 ተነሣ፤ በግንቦት 2025 ግን ቅጂው ተሠርቶ እንደገና በጣቢያው ቆመ። በጣቢያ ግድግዳ ላይ ያለ ምስል ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ምስል አይደለም፤ መንገደኛው ላለማየት አይችልምና። ስለዚህ ሥልጣን የያዘ ሁሉ ይህን ግድግዳ ይመኘዋል።

ስቶክሆልም፦ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ሲጠይቁ

ሦስተኛው መልስ ከስዊድን የመጣ ነው። በስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር በ1950 ሲከፈት ጣቢያዎቹ ንጹሕና ጠቃሚ ቢሆኑም ጌጥ አልነበራቸውም። የለውጡ ጥያቄ የመጣው ከኩባንያ ወይም ከመንግሥት ሳይሆን ከሠዓሊዎቹ ነው። ሁለቱም በ1888 የተወለዱት ቬራ ኒልሶንና ሲሪ ደርከርት ጥበብ ከአዳራሽ ወጥቶ ሰው በሚመላለስበት ቦታ እንዲገኝ አጥብቀው ተሟገቱ። ጉዳዩ በ1955 በከተማው ምክር ቤት ቀርቦ የተለያዩ ፓርቲዎች አባሎች ደገፉት፤ በተከታዩ ዓመት የሠዓሊዎች ውድድር ተካሄደ። በ1957 የተከፈተው ማዕከላዊ ጣቢያ የዚህ ሙግት የመጀመሪያ ፍሬ ነው። ሁለቱም ሴቶች በዚያ ጣቢያ የየራሳቸውን ምሰሶ ሠርተዋል።

ሲሪ ደርከርት በእርጅናዋ ዘመን የሠራችው የኤስተርማልምስቶርይ ጣቢያ በ1965 ተከፈተ። ደርከርት በቀለም ፈንታ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ አሸዋ ኮንክሪቱን እየፋቀች በግድግዳው ላይ መስመሮችን አወጣች። ለመብታቸው የታገሉ ሴቶች ምስልና ስም፣ «ሰላም» የሚለው ቃል በልዩ ልዩ ቋንቋዎች፣ የኢንተርናሲዮናልና የማርሴዬዝ መዝሙሮች ኖታ በግድግዳው ላይ ይነበባል። ጣቢያው በጦርነት ጊዜ መጠለያ ሆኖ እንዲያገለግልም ታስቦ የተሠራ መሆኑ ሲታወስ የሰላሙ ቃል ትርጉም ይበልጥ ይጠልቃል። እዚህ ግድግዳ ላይ የሚናገረው አንዲት አሮጊት ሠዓሊ እንጂ ባለሥልጣን አይደለም። ከሐሳቧ ጋር የማይስማማው መንገደኛም ቢሆን ከሰው ጋር እንጂ ከትእዛዝ ጋር አለመነጋገሩን ያውቃል።

በ1975 አዲሱ ሰማያዊ መስመር ሲከፈት መሐንዲሶቹ ዓለቱን ፈልፍለው በስሱ ኮንክሪት ከመሸፈን በቀር ቅርፁን አልደበቁትም፤ ጣቢያዎቹ ዋሻ መሰሉ። በማዕከላዊው ጣቢያ ፔር ኦሎፍ ኡልትቬት በነጭ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ሐረግ አወጣ። ሕዝብ በሚጋፋበት ቦታ መንፈስን የሚያረጋጋ ቀለም ያስፈልጋል ብሎ ነው። በአንዱ ክፍል ጣሪያ ላይ ደግሞ ጣቢያውን የሠሩትን ሠራተኞች በጥላ መልክ ሣላቸው፤ ፈላጩ፣ ብየዳ ሠሪውና አናጢው በሥራቸው ሥፍራ ቀሩ። በሶልና ማዕከል ጣቢያ አንደርስ ኦበርይና ካርል ኦሎፍ ቢዮርክ ደም በመሰለ ቀይ ሰማይ ሥር አንድ ኪሎ ሜትር የሚያህል አረንጓዴ ጫካ ሣሉ፤ በውስጡም የጫካውን መመናመንና የገጠሩን መራቆት አሳዩ። ብዙ ስደተኞች በሚኖሩበት በቴንስታ ጣቢያ ሄልጋ ሄንሸን እኅትነትንና ወንድማማችነትን የሚያወድሱ ቃላትን በብዙ ቋንቋዎች ጻፈች። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ከባቡር ሲወርድ የሚቀበለው ይህ ነው። ዛሬ ከስቶክሆልም 100 ጣቢያዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት የሥነ ጥበብ ሥራ አላቸው።

ቅጂና ዋና ሥራ

ከእነዚህ ሌላ ሙዚየሙን እንዳለ ወደ ባቡር የማምጣት ሙከራም ነበር። በፓሪስ በ1968 በሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ አነሣሽነት በሉቭር አጠገብ ባለው ጣቢያ የሙዚየሙ ሥራዎች ቅጂዎች ቀረቡ። በሞስኮም በ2007 የታወቁ ሥዕሎችን ቅጂዎች በፉርጎዎቹ ውስጥ የያዘ ባቡር መመላለስ ጀመረ። ይህ መልካም ነው፤ የማያውቀውን ሰው ከዋናው ሥራ ጋር ያስተዋውቃልና። ሆኖም ለሌላ ቦታ ከተሠራ ሥራ ቅጂ ይልቅ ለዚያው ለጣቢያው ታስቦ የተሠራው ሥራ የመንገደኛውን ልብ ይበልጥ ይይዛል። የዴይኔካ ሰማይ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግማሽ ትርጉሙን ያጣል፤ የማኒዘር ውሻም በመስተዋት ቢከለል አፍንጫው ይደበዝዛል።

በኢትዮጵያ የባቡር ታሪክም ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚዛመድ አንድ ምሳሌ ይገኛል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በ1930 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ፈረንሳዊው ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ የሠራው የአንበሳ ሐውልት በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆመ። ከድሬዳዋም ሆነ ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነበር። የፋሺስት ወራሪ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮማ አጋዘው፤ ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመታት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልቱ የዘውዱን ክብር እንዲያውጅ የተሠራ ቢሆንም የጠላት እጅ ከነካው በኋላ ግን በሕዝቡ ዘንድ የአገር ምልክት ሆኖ ታየ። የሞስኮው ውሻም የአዲስ አበባው አንበሳም አንድ ነገር ይመሰክራሉ። በመንገድ ላይ የቆመ ሥራ ሠሪው ካሰበለት ትርጉም ወጥቶ ሕዝብ የሚሰጠውን ትርጉም ይለብሳል።

እንግዲህ ከሦስቱ ከተሞች ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ባጭሩ የሚከተለው ነው። ለንደን ጥበብ ቀላልና ግልጽ ሆኖ ደረጃውን ሳይለቅ ለብዙኃን ሊቀርብ እንደሚችል አስተማረች፤ ዓላማውን ግን ገበያ ወሰነው። ሞስኮ ለተራው ሰው ከሁሉ የላቀው ጥራት እንደሚገባው አሳየች፤ ነገር ግን ምስሉን ሥልጣን አዘዘው፤ ሥልጣንም ሲለወጥ ምስሉ ተፈቀፈቀ። ስቶክሆልም ሠዓሊው ራሱ ሲጠይቅ፣ ምክር ቤት ሲወስን፣ ውድድር ሲዳኝ ግድግዳው የብዙ ድምፅ መናገሪያ እንደሚሆን አረጋገጠች።

ጥበብን ለሕዝብ ማቅረብ ማለት ጥበብን ማሳነስ ነው የሚሉ አሉ። ታሪኩ የሚያስረዳው ግን ተቃራኒውን ነው። ሙዚየም የሚገባ ሰው ለማድነቅ ተዘጋጅቶ ይገባል። መንገደኛው ግን ደክሟል፣ ቸኩሏል፣ አእምሮው በኑሮው ተይዟል። የዚህን ሰው ዓይን ለአንድ አፍታ ማስቆም የሚችል ሥዕል ከሁሉ የከበደውን ፈተና ያለፈ ነው። ስለዚህ ጣቢያ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ወይም መናኸሪያ በሚታነጽበት ቦታ ሁሉ ሠዓሊው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለጌጥ የሚጠራ እንግዳ መሆን የለበትም፤ ንድፉ ሲወጠን ጀምሮ ከመሐንዲሱ ጎን ሊቀመጥ ይገባል። ግድግዳውን በየቀኑ የሚያየው ሕዝብም ምን እንዲሣልበት እንደሚፈልግ ሊጠየቅ ይገባል። ቲኬቱን የቆረጠው እርሱ ነውና።